ካሣውን ማን ይክፈል? የካሊፎርኒያ የማኅበረሰብ ኮሌጆችና የመሠረታዊ ክህሎት ትምህርት ታሪክ





ዛሬ የማቀርበው የመማሪያ ክፍል ታሪክ ነው። ከኮሌጅ ደጃፍ ደርሰው «ገና አልበቃችሁም» ስለተባሉ ሰዎች፣ እነርሱን ለማብቃት ስለተዘረጋው ሥርዓት፣ ሥርዓቱ ካለመው ሳይደርስ ሲቀርም ከየኮሌጁ ወጥተው በየቀጠናቸው መመካከር ስለጀመሩ መምህራን እናገራለሁ። ቦታው የአሜሪካዋ የካሊፎርኒያ ግዛት ነው። ዘመኑ በዋናነት ከ1960 እስከ 2022 ያለው ሲሆን ዓመታቱን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ «ዓ.ም.» ስል ግን የራሳችንን አቆጣጠር ማለቴ ነው።

ካሊፎርኒያን የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ግዛቲቱ በአሜሪካ ትልቁን የሁለት ዓመት ኮሌጆች ሥርዓት ይዛለች፤ ዛሬ 116 ኮሌጆች አሏት፤ በዓመት ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ተማሪም ያስተናግዳሉ። ሁለተኛ፣ እነዚህ ኮሌጆች ለግማሽ ምዕተ ዓመት ሲታገሉት የኖሩት ጥያቄ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በእኛም ዩኒቨርሲቲዎች ደጃፍ ቆሟል። ወደዚህ ጉዳይ በንግግሬ መጨረሻ እመለስበታለሁ።

ከቃሉ ልነሣ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ለእንዲህ ዓይነቱ ትምህርት ለረጅም ጊዜ የሰጡት ስም «ሪሚዲያል» የሚል ነበር። ቃሉ መድኃኒትንና ፈውስን ከሚያመለክት የላቲን ሥር የተገኘ ነው። በዚህ ስም ውስጥ ተማሪው ሕመምተኛ፣ ኮሌጁ ሐኪም ሆኖ ተቀምጧል። በኋላ ላይ ብዙዎች ስሙ ተማሪውን ያሳፍራል በማለት «መሠረታዊ ክህሎት» የሚለውን መረጡ፤ ይህም ማንበብን፣ መጻፍን፣ ሒሳብንና የእንግሊዝኛ አፋቸውን ላልፈቱ ሰዎች የሚሰጠውን የቋንቋ ትምህርት ያጠቃልላል። እኛ ደግሞ «ማካካሻ» እንለዋለን። የእኛ ቃል ከሁለቱም ይልቅ ጠያቂ ነው። ማካካሻ ከ«ካሰ» የወጣ፣ የ«ካሣ» የሥጋ ዘመድ ነው። ካሣ ባለበት ጉዳት አለ፤ ጉዳት ባለበትም ባለዕዳ አለ። በአገራችን ወግ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ነገሩን መርምሮ ካሣ ሲቆርጥ የሚከፍለው ያጎደለው ወገን ነው፤ የተጎዳው ወገን ካሣ ክፈል ሲባል ሰምተን አናውቅም።

እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ይቆማል። ተማሪው ሳያገኘው ለቀረው ትምህርት ካሣውን የከፈለው ማን ነው? የማቀርበው መልስ ይህ ነው፤ በካሊፎርኒያ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ካሣውን በዕድሜው የከፈለው ራሱ ተማሪው ነበር። ዕዳው ወደ ተቋማቱ መዛወር የጀመረው መምህራኑ በየቀጠናቸው ተገናኝተው፣ በኮሌጆቻቸው መካከል የሚጠፋውን ተማሪ በጋራ መቁጠር በጀመሩ ጊዜ ነው።

የሁለት ዓመት ኮሌጅ ታሪክ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ጋር አብሮ ይጀምራል። በኢሊኖይ ግዛት የጆልየት ኮሌጅ በ1901 ተመሠረተ። ካሊፎርኒያ ደግሞ በ1907 ባወጣችው ሕግ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከምረቃ በኋላ ያለውን ትምህርት እንዲሰጡ ፈቀደች፤ በ1910 የፍሬዝኖ ከተማ በዚህ ሕግ ተጠቅማ የግዛቲቱን የመጀመሪያ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ከፈተች። ኮሌጁ የተወለደው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማሕፀን መሆኑን ልብ ይሏል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁለቱ ሕንፃም መምህርም ይጋሩ ነበር። በኋላ ግን በአስተዳደር፣ በበጀትና በሕግ ተለያዩ፤ በመካከላቸውም ባለቤት የሌለው መሬት ተፈጠረ። የመሠረታዊ ክህሎት ተማሪ ኑሮው በዚያ መሬት ላይ ነው።

ወሳኙ ዓመት 1960 ነው። በዚያን ጊዜ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ከነበሩት ከክላርክ ኬር ስም ጋር ተያይዞ የሚነሣው የከፍተኛ ትምህርት ማስተር ፕላን የግዛቲቱን ወጣቶች በሦስት በሮች አከፋፈለ። ከሁለተኛ ደረጃ ምሩቃን ከላይ ያሉት አንድ ስምንተኛ ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከላይ ያሉት አንድ ሦስተኛ ወደ ግዛቲቱ የአራት ዓመት ኮሌጆች እንዲገቡ ተደነገገ። የሁለት ዓመት ኮሌጆች በር ግን ከትምህርቱ ሊጠቀም ለሚችል ሰው ሁሉ ክፍት ሆነ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሸጋገርም ይቻላል ተባለ። ይህ ታላቅ ተስፋ ነበር፤ ዛሬም በዓለም ዙሪያ በምሳሌነት ይጠቀሳል።

በዚያው ዓመት የማኅበራዊ ጥናት ምሁሩ በርተን ክላርክ በሳን ሆሴ በሚገኝ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ክላርክ ያስተዋሉት ነገር ክፍት በሩ ከውስጥ በኩል ምን እንደሚመስል ነው። ኮሌጁ ማንንም አያባርርም፤ በምደባ ፈተና፣ በአማካሪ ቃልና በዝቅተኛ ኮርሶች አማካይነት የተማሪውን ምኞት ቀስ በቀስ ያበርደዋል። ክላርክ ይህን የኮሌጁን ተግባር «ማብረድ» ብለው ሰየሙት። ተማሪው በመጨረሻ ሲወጣ ያሰናበተው ኮሌጁ መሆኑን አያውቅም፤ ያነሰው ራሱ መስሎት ይወጣል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ካሣውን ለሚከፍለው ሰው ዕዳው የራሱ እንደሆነ የሚነገረው በዚህ መንገድ ነው።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በክፍቱ በር አዲስ ሕዝብ ገባ። ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች፣ ልጆቻቸውን ካሳደጉ በኋላ ወደ ትምህርት የተመለሱ እናቶች፣ የጥቁር አሜሪካውያንና የሜክሲኮ ተወላጆች ልጆች፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ የመጡ ስደተኞች የኮሌጆቹን ወንበሮች ሞሉ። ብዙዎቹ የተማሩት ገንዘብና መምህር ባነሳቸው ትምህርት ቤቶች ነበር። ሕዝቡ እየበዛ ሳለ ግን ገንዘቡ ቀነሰ። በ1978 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 13 የንብረት ግብርን በመገደቡ ኮሌጆቹ ከየአካባቢያቸው ያገኙት የነበረው ገቢ ወደቀ፤ በጀታቸውም በአብዛኛው በግዛቲቱ መንግሥት እጅ ገባ። በ1984 ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ በመላ ግዛቲቱ ለአንድ ክሬዲት 5 ዶላር የትምህርት ክፍያ ተጣለ። ገንዘቡ ጥቂት ቢሆንም የክፍቱ በር ደፍ ከፍ ማለት ጀመረ።

በ1986 የወጣ ሕግ ኮሌጆች ገቢ ተማሪዎችን እንዲመዝኑ፣ እንዲያማክሩና በየደረጃቸው እንዲመድቡ አደረገ። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ አቅሙን የሚያውቅ ተማሪ አይወድቅም ከሚል የመነጨ ነው። በ1988 ግን የሜክሲኮ ተወላጆችን መብት የሚሟገተው የሕግ ድርጅት የምደባ ፈተናዎቹ የላቲኖ ተማሪዎችን አግባብ ባልሆነ መንገድ ወደ ዝቅተኛ ኮርሶች እየገፉ ነው ሲል ክስ መሠረተ። ክሱ በ1991 በስምምነት ተዘጋ። ከዚያ በኋላ አንድ ኮሌጅ ፈተናን ወይም ቅድመ ሁኔታ የሆነ ኮርስን ሲጠቀም ተገቢነቱን በራሱ ተማሪዎች ላይ መርምሮ እንዲያረጋግጥ ተደረገ።

የክሱ ዓላማ ተማሪውን መጠበቅ ነበር። የሥርዓቱ አሠራር ግን እያንዳንዱ ኮሌጅ የየራሱን ፈተና፣ የየራሱን መቁረጫ ነጥብና የየራሱን የኮርስ መሰላል ይዞ እንዲቀጥል አደረገ። በአንዱ ኮሌጅ «በቅተሃል» የተባለ ተማሪ አውቶቡስ ተሳፍሮ ጎረቤት ኮሌጅ ቢሄድ ዝቅ ብሎ ሊመደብ ይችል ነበር። መብቃት የተማሪው ጠባይ መሆኑ ቀርቶ የአድራሻው ጉዳይ ሆነ።

መሰላሉ እንዴት ይሠራ እንደነበር በቁጥር ላሳያችሁ። አንድ ተማሪ የኮሌጅ ደረጃ ሒሳብ ለመውሰድ ሁለት የመሰናዶ ኮርሶች ይቀሩሃል ተባለ እንበል። የመጀመሪያውን ማለፍ አለበት፤ በሚቀጥለው ሴሚስተር ለሁለተኛው መመዝገብ አለበት፤ ሁለተኛውን ማለፍ አለበት፤ ለዋናው ኮርስ መመዝገብ አለበት፤ በመጨረሻም ዋናውን ማለፍ አለበት። አምስት እርምጃዎች ናቸው። በእያንዳንዱ እርምጃ ከመቶው ሰማንያው ይሳካላቸዋል ብለን በጎ ግምት እንውሰድ። ከመቶ ተማሪ 80፣ ከዚያ 64፣ ከዚያ 51፣ ከዚያ 41፣ በመጨረሻ 33 ይቀራሉ። አንድ የመሰናዶ ኮርስ ቢጨመር እርምጃው ሰባት ይሆንና የሚደርሱት 21 ብቻ ናቸው። እዚህ ላይ አንድም መምህር አልሰነፈም፤ ሰማንያ በመቶ የሚያሳልፍ መምህር ማታ ቤቱ ሲገባ በሥራው ቢደሰት አይፈረድበትም። ሰባ ዘጠኙ ግን የሉም።

ምሳሌዬ ከእውነታው የራቀ አይደለም፤ እንዲያውም ለዘብ ያለ ነው። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ኮሌጆች ምርምር ማዕከል ቶማስ ቤይሊና ባልደረቦቻቸው በ2010 ባሳተሙት፣ በበርካታ የአሜሪካ ግዛቶች የሚገኙ ኮሌጆችን በመረመረ ጥናት፣ በሒሳብ ሦስት ደረጃና ከዚያ በታች ከተመደቡት ተማሪዎች የመሰናዶውን ሰንሰለት የጨረሱት 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። ይበልጥ ያስደነገጠው ሌላው ግኝት ነው። ሰንሰለቱን ሳይጨርሱ ከቀሩት መካከል ኮርስ ወድቀው ከቀሩት ይልቅ ጭራሽ ያልተመዘገቡት ይበልጡ ነበር። የጠፉት በክፍሎች መካከል ባለው ክፍት ቦታ ነው። ማንም መምህር ያንን ቦታ አላየውም፤ በማንም የውጤት መዝገብ ላይ አልተጻፈምና።

ወደ ትብብሩ ታሪክ የምንገባው በዚህ በር ነው። በ2005 የካርኔጊ የማስተማር ማበልጸጊያ ፋውንዴሽን ከሂውሌት ፋውንዴሽን ጋር ሆኖ 11 የካሊፎርኒያ ኮሌጆችን ያሰባሰበ የሦስት ዓመት ፕሮጀክት ጀመረ። የፕሮጀክቱ ዋና መሣሪያ ቀላል ነበር፤ የአንድ ኮርስ መምህራን በቡድን ይቀመጣሉ፤ የተማሪ ሥራ ጠረጴዛ ላይ ያደርጋሉ፤ «ይህ ተማሪ እዚህ ላይ ምን አስቦ ነው?» ብለው ይጠያየቃሉ። ቀጥሎም ያገኙትን ለሌሎቹ ኮሌጆች ያካፍላሉ። ለዘመናት ከበሩ ኋላ ብቻውን ሲያስተምር የኖረ መምህር ሥራውን ለባልደረባው ዓይን መክፈቱ ቀላል ለውጥ አልነበረም።

በ2006 ሁኔታዎች ተጣደፉ። የኮሌጆቹ የበላይ ቦርድ ለሁለት ዓመት ዲግሪ የሚጠየቀውን የእንግሊዝኛና የሒሳብ ደረጃ ከፍ አደረገ፤ ውሳኔው ከ2009 መኸር ጀምሮ እንዲጸና ተወሰነ። መመዘኛው ከፍ ሲል ከታች ያለው ሕዝብ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ቀረበ። «የመሠረታዊ ክህሎት ኢኒሼቲቭ» የተባለው ግዛት አቀፍ ጥረት የተወለደው ለዚህ ነው። በ2007 የወጣው የጥረቱ መሠረታዊ ሰነድ የነበሩትን ጥናቶች ፈትሾ 26 ውጤታማ አሠራሮችን በአራት ክፍል ዘረዘረ፤ እነርሱም አስተዳደርና አደረጃጀት፣ የፕሮግራም ይዘት፣ የመምህራን ማበልጸጊያና የማስተማር ዘዴ ናቸው። እያንዳንዱ ኮሌጅ በሰነዱ ራሱን እንዲመዝን ተጠየቀ፤ ገንዘብም ተመደበ።

ሰነድ ግን ብቻውን አያስተምርም። በ2009 «የካሊፎርኒያ ማኅበረሰብ ኮሌጆች የስኬት መረብ» የሚባለው ድርጅት ሲቋቋም ሥራውን በቀጠና ከፋፈለ። ለዚህ በቂ ምክንያት ነበረው። የካሊፎርኒያ ስፋት ቀላል አይደለም፤ የሳክራሜንቶ መመሪያ ሰሜናዊው ጫካ ውስጥ ላለ ትንሽ ኮሌጅም፣ ለሎስ አንጀለስ ግዙፍ ኮሌጅም እኩል አይስማማም። ከሁሉ በላይ ግን ተማሪው ራሱ የቀጠና ሰው ነው። ጠዋት አንድ ኮሌጅ፣ ማታ ሌላ ኮሌጅ ይማራል፤ ሥራ ሲቀይር ኮሌጅም ይቀይራል። በየቀጠናው የሚገናኙት መምህራን ስለ ጎረቤት ተማሪ ሲያወሩ ብዙውን ጊዜ ስለ ራሳቸው የትናንት ወይም የነገ ተማሪ እያወሩ ነበር።

በ2010 ከዚሁ የመምህራን ንቅናቄ ውስጥ የካሊፎርኒያ ማፋጠኛ ፕሮጀክት ተነሣ። መሥራቾቹ ሁለት የክፍል መምህራን ነበሩ፤ በቻቦት ኮሌጅ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩት ኬቲ ኸርንና በሎስ ሜዳኖስ ኮሌጅ ሒሳብ የሚያስተምሩት ማይራ ስኔል። ሐሳባቸው ቀድሜ ካሳየኋችሁ ስሌት የሚነሣ ነው። የማለፊያውን መጠን ከሰማንያ ወደ ሰማንያ አምስት ለማድረስ ከመድከም ይልቅ መሰላሉን ማሳጠር ይሻላል አሉ። ኸርን በእንግሊዝኛ ማንበብንና መጻፍን በአንድ ኮርስ አጣምሮ ማስተማርን አስፋፉ፤ ስኔል ደግሞ አልጀብራን በጥልቀት ለማይጠይቁ የትምህርት መስኮች ተማሪውን በአንድ ሴሚስተር ለስታቲስቲክስ የሚያዘጋጅ ኮርስ ቀረጹ። በ2014 የወጣና 16 ኮሌጆችን ያካተተ ግምገማ በተፋጠነው መንገድ የሄዱ ተማሪዎች በተለይ በሒሳብ የኮሌጅ ደረጃውን ኮርስ የመጨረስ ዕድላቸው በእጅጉ ከፍ ማለቱን አሳየ።

በዚያው ወቅት የምደባ ፈተናው ራሱ ተመዘነ። ጁዲት ስኮት-ክሌይተንና ባልደረቦቻቸው በ2014 ባሳተሙት ሥራ በፈተና ከተመደቡት መካከል በሒሳብ ከአራቱ አንዱ፣ በእንግሊዝኛ ከሦስቱ አንዱ በከባድ ስሕተት የተመደቡ መሆናቸውን ገመቱ። አብዛኛው ስሕተት ተማሪውን ከሚገባው በታች ማውረድ ነበር። ተማሪው በሁለተኛ ደረጃ በአራት ዓመት ያገኘው ውጤት ከአንድ ቀን ፈተና ይልቅ የነገውን ይናገራል። በሎንግ ቢች ከተማ ይህ በተግባር ታየ። የከተማዋ ትምህርት ቤቶች፣ የማኅበረሰብ ኮሌጁና የግዛቲቱ ዩኒቨርሲቲ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የቆየ ትብብር ነበራቸው። በ2012 ኮሌጁ የከተማዋን ተማሪዎች በሁለተኛ ደረጃ ውጤታቸው መመደብ ሲጀምር በቀጥታ ወደ ኮሌጅ ደረጃ የሚገቡት ቁጥር በብዙ እጥፍ አደገ፤ የማለፊያው መጠን ግን በቀድሞው መንገድ ከተመደቡት ጋር የተቀራረበ ሆነ። ይህ ሊሆን የቻለው ትምህርት ቤቶቹና ኮሌጁ መዝገባቸውን አንዱ ለሌላው ስለከፈቱ ነው። ባለቤት ባልነበረው መሬት ላይ ሁለቱም ወገን ቆሞ ተማሪውን አየው።

በጥቅምት 2017 አገረ ገዥው ጄሪ ብራውን «705» በሚል ቁጥር የሚታወቀውን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ኮሌጆች እያንዳንዱ ተማሪ በአንድ ዓመት ውስጥ የኮሌጅ ደረጃ እንግሊዝኛና ሒሳብ ገብቶ የማጠናቀቅ ዕድሉን ከፍ እንዲያደርጉ፣ ለዚህም የሁለተኛ ደረጃ ውጤትን እንዲጠቀሙ ያስገድዳል። በታሪካችን ወሳኙ ነገር የማስረዳት ሸክሙ መዛወሩ ነው። ቀድሞ ተማሪው መብቃቱን ያስረዳ ነበር፤ አሁን ኮሌጁ ተማሪውን ወደ ታች ለመመደብ ቢፈልግ በላይኛው ኮርስ የመሳካት ዕድሉ እጅግ የመነመነ መሆኑን ማስረዳት አለበት። የካሊፎርኒያ የሕዝብ ፖሊሲ ተቋም እንዳጠናው፣ በ2015 መኸር ሒሳብ ከጀመሩ አዲስ ተማሪዎች በኮሌጅ ደረጃ የጀመሩት 21 በመቶ ነበሩ፤ በ2019 መኸር 78 በመቶ ሆኑ። በእንግሊዝኛ ከ38 ወደ 96 በመቶ ከፍ አለ። ኮርሱን በአንድ ሴሚስተር ያጠናቀቁትም በዝተዋል። በ2022 የወጣ ሌላ ሕግ ይህንኑ አጠበቀው።

ታሪክ ጸሐፊ ግን የድል መዝገብ ብቻ አይጽፍም። የሚያልፉት በበዙበት ክፍል የሚወድቁትም በዝተዋል። ብዙ መምህራን፣ በተለይ የሒሳብ መምህራን፣ ሕጉ ምርጫ ነፈገን ብለው ተቃውመዋል፤ ተቃውሟቸውም እንዲያው የግትርነት ተደርጎ መታየት የለበትም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከክፍልፋይ ቁጥር ጋር የሚታገሉ ጎልማሶችን በትዕግሥት ያስተማረ መምህር «ኮርስህ እንቅፋት ነበር» ሲባል የሚሰማው ነገር አለ። የእርሱ ጥያቄም ሕያው ነው፦ በእውነት ያልተዘጋጀው ሰው አሁን ወዴት ይሂድ?

ለዚህ ጥያቄ ከሌላ አቅጣጫ የመጣ ከፊል መልስ አለ። ከኮሌጆቹ ጎን ለጎን እጅግ ያረጀ የጎልማሶች ትምህርት ሥርዓት ነበር፤ በሳን ፍራንሲስኮ የማታ ትምህርት የተጀመረው በ1856 ነው። ይህ ትምህርት በአንዱ ከተማ በኮሌጁ፣ በሌላው በትምህርት ቤቶች አስተዳደር፣ በሌላው በሁለቱም ይሰጥ ነበር፤ ሁለቱ ግን እምብዛም አይነጋገሩም። ከ2008 የገንዘብ ቀውስ በኋላ ግዛቲቱ የትምህርት ቤቶች አስተዳደሮች የጎልማሶችን በጀት ወደ ሌላ ሥራ እንዲያዛውሩ ስለፈቀደች በብዙ ቦታ ትምህርቱ ተዳከመ፤ በአንዳንዱም ተዘጋ። ክፍሎቹ ሲዘጉ የተሰለፈ ሠልፈኛ ጥቂት ነበር፤ የማታ ተማሪ ቀን ይሠራልና።

በ2013 የወጣ ሕግ መፍትሔውን በቀጠና አደረገው። የኮሌጅ አስተዳደሮችና የትምህርት ቤት አስተዳደሮች በየአካባቢያቸው ኅብረት መሥርተው፣ ማን ምን እንደሚያስተምር፣ ምን እንደሚጎድል በጋራ እንዲያጠኑ 25 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። በ2015 ደግሞ በየኅብረቱ ዕቅድ መሠረት የሚከፋፈል 500 ሚሊዮን ዶላር በዓመት ተሰጠ። ዛሬ 71 እንዲህ ያሉ ኅብረቶች አሉ። በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ የእኛም ሰዎች ተቀምጠዋል። በአገሩ መምህር ወይም ነርስ የነበረ፣ ዛሬ በሎስ አንጀለስ ወይም በሳን ሆሴ መኪና እየነዳ የሚኖር ወገናችን እንግሊዝኛውን አሻሽሎ ወደ ሙያው ለመመለስ ሲነሣ የሚያንኳኳው የጎልማሶች ትምህርት ቤትን በር ነው። ከዚያ በር ወደ ኮሌጁ በር የሚወስድ መንገድ መኖር አለመኖሩ ሁለቱ ተቋማት ተቀምጠው በመነጋገራቸውና ባለመነጋገራቸው ይወሰናል።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመትም ውጤቱ ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲዎች ነጥቡ ካልሞላላቸው መካከል የተመረጡትን በማካካሻ ፕሮግራም ተቀበሉ፤ ብዙዎቻችሁ አስተምራችኋል፤ ምናልባት እዚህ ከተቀመጡት ተማሪዎች በዚያ መንገድ የመጡ አሉ። የእኛ ሁኔታ ከካሊፎርኒያ ይለያል። የምንመዝነው በአንድ አገር አቀፍ ፈተና ነው፤ በሰፈሩ ክፍት የሆነ የሁለት ዓመት ኮሌጅ የለንም፤ ተማሪዎቻችን የሚማሩት በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋቸው ነው። በማስተምርበት ክፍል ሐሳቡን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲያስረዳ የሚያስደንቅ ተማሪ ያው ጥያቄ በእንግሊዝኛ ሲመጣለት ዝም ሲል አያለሁ። ስለዚህ ቅዳ ብዬ አልመክርም። ከታሪኩ የሚወሰደው ጥያቄው ነው።

በመጀመሪያ፣ የጠፉትን ማን ይቆጥራል? ማካካሻ ገብተው ካለፉት ቁጥር ጋር የገቡት፣ መሐል ላይ የቀሩት፣ አልፈውም በአንደኛ ዓመት የወጡት ሁሉ ተቆጥረው ለሕዝብ መነገር አለባቸው። ካሊፎርኒያ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት መልካም መምህራን እያሏት ያልነቃችው የምትቆጥረው ክፍሉን እንጂ በክፍሎች መካከል ያለውን ክፍተት ስላልነበረ ነው።

ሁለተኛው፣ ከማን ጋር እንቀመጥ የሚለው ነው። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲያችን በዙሪያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉት። የማካካሻ ሒሳብ የሚያስተምር ባልደረባዬ በአቅራቢያው ባለ ትምህርት ቤት የአሥራ አንደኛ ክፍል ሒሳብ ከሚያስተምረው ሰው ጋር በሴሚስተር አንድ ቀን እንኳ የአንድ ተማሪ ደብተር ከፍተው ቢመለከቱ፣ አንድ ሺህ ገጽ ሪፖርት የማያሳየውን ያያሉ። ይህ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው የዩኒቨርሲቲ መምህር ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ትምህርት ቤቱ መሄዱን ነው፤ ጠሪ ሆኖ ሳይሆን እንግዳ ሆኖ።

ሦስተኛውና ከባዱ፣ የማስረዳት ሸክሙ በማን ላይ ይሁን? አንድን ወጣት «አልበቃህም» ብሎ አንድ ዓመት መውሰድ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ያ ዓመት የቤተሰብ ቀለብ ነው፤ ለሴት ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ቤት ተመለሽ የምትባልበት ዓመት ነው። እንዲህ ያለ ውሳኔ የሚወስን ተቋም ውሳኔው ተማሪውን እንደሚጠቅመው በማስረጃ ማሳየት ይገባዋል። ማሳየት ካልቻለ ድጋፉን ከመደበኛው ኮርስ ጋር ጎን ለጎን ሰጥቶ ተማሪውን ያስገባው።

የተከበራችሁ አድማጮቼ፤ ሽማግሌ ካሣ ሲቆርጥ ዓላማው ቂም እንዲሽር፣ ሁለቱ ወገኖች አብረው እንዲኖሩ ነው። ወጣቱ ሳያገኝ ለቀረው ትምህርት ባለዕዳዎቹ ብዙ ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ አለበት፣ መንግሥት አለበት፣ መምህር የምናሠለጥነው እኛ ዩኒቨርሲቲዎችም አለንበት። ዕዳው የጋራ ከሆነ ብቻውን ተነሥቶ የሚከፍል አይኖርም፤ በየቀጠናችን ተቀምጠን ድርሻ ድርሻችንን መለየት ይኖርብናል። እስከዚያ ድረስ ግን የሚከፍለው ያው ተማሪው ነው፤ በየሴሚስተሩ፣ በዕድሜው።